ጠብታ አያሳልፍም

ምራቴ ያኔት የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲቃረብ ቤታችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፤ ሕፃኗ ከማን ጋር ትዋል? ሱሉልታ ከእኔ ከአባቷ እናት ጋር፣ ወይስ ቡራዩ ከእናቷ እናት ከወይዘሮ አትክልት ጋር? ጥያቄውን እንዲህ አፍ አውጥቶ የጠየቀ ግን አልነበረም። ጨዋ ቤተሰብ ስለሆንን የምንከራከረው ስለ ልጅቷ ሳይሆን ስለ መቀመጫዋ ነበር። ጨርቅ ይታሰርላት ወይስ ዳይፐር?

የጨርቁ ወገን እኔ ነኝ። የዳይፐሩ ወገን አትክልት ናት። ፊት ለፊት አንቱ እንባባላለን፤ ወረቀት ላይ ግን ቀለም ለመቆጠብ ስል እሷ እላታለሁ። መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ግቢዋን እስከ በሩ ድረስ ሴራሚክ ያስነጠፈች፣ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ ጫማውን ቀጥሎ ፊቱን የምታይ ሴት ናት። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

እኔ ዱርሲቱ እባላለሁ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ በእኛ ዘመን ስምንተኛ ክፍል ማለት የዛሬ ዲግሪ ነው፣ ያውም ያለ ኩረጃ። ልጄን ዲሪርሳን ያሳደግሁት በአቡጀዲ ጨርቅ ነው። ቂጡ አልቆሰለም፣ እግሩ አልተንሻፈፈም፣ ዛሬ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ያንቀሳቅሳል። የልጅ ልጄም ገና በእናቷ ሆድ ሳለች ጀምሬ የሳሳ አንሶላና አሮጌ ነጠላ እየቀደድኩ፣ ጠርዙን በእጄ እየሰፋሁ፣ በፈላ ውሃ እየቀቀልኩ ጨርቅ አዘጋጅቼላት ነበር። ስሟ ቲና ነው። ስሙን ማን እንዳወጣው አልናገርም፤ ቡራዩ ነው የምትኖረው።

አትክልት አራስ ልትጠይቅ የመጣች ዕለት አገልግል ሳይሆን የዳይፐር ካርቶን ይዛ መጣች። ካርቶኑን ሳሎናችን መሀል አስቀመጠችና እንደ ታቦት ዞራ ዞራ አየችው።

«አዴ ዱርሲቱ፣ በዚህ ዘመን ጨርቅ እያጠቡ ወገብዎን አይግደሉ። ይኼ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ሌሊቱን ሙሉ ብትሸና ጠዋት ደረቅ ናት።»

«ሽንቱ ታዲያ የት ሄደ?»

«ይመጠዋል።»

«መጦስ የት ያደርሰዋል?»

«እዚያው ይዞት ይቀመጣል።»

«እሱን ነው የምለው! የልጅቷ ቂጥ ሥር ይዞት ይቀመጣል። እርስዎ ሽንት ይዘው ይቀመጣሉ?»

ባለቤቴ ኦቦ ዋቆ ጥግ ላይ ተቀምጦ «እኔ ያደግሁት በጨርቅም በዚህም አይደለም፤ መስክ ላይ ነው» አለ።

«ያስታውቃል» አልኩት።

አትክልት ግን በቀላሉ የምትመለስ አይደለችም። ፈገግ ብላ «ለመሆኑ በምን ውሃ ነው የሚያጥቡት?» አለችኝ።

ይኼ ወጋኝ፤ እውነት ነዋ። የእኛ ሰፈር ቧንቧ ሲመጣ እልል ይባልለታል። ሱሉልታ ውሃ አጥታ አይደለም፤ በደጃችን በየቀኑ የታሸገ ውሃ የጫነ መኪና እያጓራ ያልፋል። እኛ ባዶ ጀሪካን ይዘን ዳር ቆመን እናሳልፈዋለን፤ እጅ መንሳት ብቻ ነው የቀረን። ከጓሯችን የወጣው ውሃ አዲስ አበባ ደርሶ ሰርግ ላይ ይጠጣል፣ የልጄ ልጅ ጨርቅ ግን ዝናብ ይጠብቃል። ያም ሆኖ ለአትክልት ይህን አላልኳትም። «ለልጄ ልጅ ውሃ አጥቼ አላውቅም» አልኳት። ኦቦ ዋቆ ሆን ብሎ ሳለ።

ሌላም ክርክር ነበረን። የሕፃን ጨርቅ ጀምበር ሳትጠልቅ ከገመድ ላይ ካልወረደ የሌሊት ወፍ ትሸናበትና ልጁ በወፍ በሽታ ቢጫ ይሆናል። እኔ ይህን ስለማውቅ ገና በአሥር ሰዓት ሰማይ ሰማይ እያየሁ ጨርቄን እሰበስባለሁ። አትክልት ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«የወፍ በሽታ እኮ የጉበት ነው፣ አዴ ዱርሲቱ።»

«ጉበቱስ ምን አገኘው?»

የተማረ ሰው ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀረዋል።

ያኔት በዚህ ሁሉ መሀል ለማንም አታዳላም። እናቷ ስትመጣ ለልጅቷ ዳይፐር ታደርግላታለች፤ እናቷ ስትሄድ እኔ ፈትቼ ጨርቅ አስራለሁ። ቲና በሳምንት ውስጥ መንግሥት ተለዋወጠባት ማለት ይቻላል። እኔ መነጽሬን አድርጌ መቀመጫዋን አያለሁ። «ቀልቷል» እላለሁ። «እማማ፣ ልጅቷ እኮ ቀይ ናት» ትለኛለች ያኔት። «ቀይ ሌላ፣ መቅላት ሌላ» እላለሁ። እንቅልፍ የለኝም። አንድ ነገር ቢነካት፣ ቢያሳክካት፣ እንዲህ ብሎ የሚናገር አፍ የላት።

በመጨረሻ ያኔት መረራትና «ክርስትናዋ ይለፍ፤ በማግሥቱ ሰኞ ሥራ እገባለሁ፣ ያኔ የት እንደምትውል እወስናለሁ» አለች። የያኔት ቢሮ ቡራዩ ነው፤ ጠዋት ስትሄድ እናቷ ደጅ ላይ ማውረድ ይቀላታል። ዲሪርሳ ደግሞ ሰበታ ለመድረስ በጨለማ ነው የሚወጣው። ሚዛኑ ወደ ማን እንዳዘነበለ ለማወቅ ስምንተኛ ክፍል ይበቃል። አንድ ነገር ካልተፈጠረ በቀር ልጅቷ ከእጄ ልትወጣ ነው።

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ያን ጠዋት ቲናን ራሴ አጠብኳት፤ ከጨርቆቼ ሁሉ ነጩን፣ ለስላሳውን መርጬ አሰርኩላትና በነጭ ነጠላ ጠቀለልኳት። ኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ መጣ። አትክልት ጋቢና ውስጥ ገብታ «ልጅቷን ስጡኝ፣ ከኋላ ትታፈናለች» አለች። ሰጠናት። እኔ ከኋላ ከድፎ ዳቦው ጋር ተቀመጥኩ።

ደብሩ ደጅ ደርሰን ከመውረዳችን በፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩ። «አባ እጃቸውን እስኪዘረጉ እንዳትገልጧት! የእንጦጦ ንፋስ ለሕፃን አይራራም።» ይህን ያልኩት ለጤናዋ ነው። በኋላ ሰዎች ሌላ ትርጉም ሰጡት።

የክርስትና እናቷ የእህቴ ልጅ አያንቱ ናት። ኮሌጅ ትማራለች፤ ሕፃን የምታውቀው በስልኳ ነው። ደብሩ ውስጥ የሚጠመቁ ሕፃናት ብዙ ነበሩ፤ አንዱ ሲጮህ ሌላው ይቀበለዋል። ቄስ ካሳሁን አርጅተዋል፣ ግን ፈጣን ናቸው። ሕፃኑን ይቀበላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ፣ ይነክራሉ፣ ያወጣሉ። ተራችን ደረሰ። አያንቱ እየተጣደፈች የሕፃኗን ኮፍያ፣ ካልሲና ቀሚስ አወለቀችና ልጅቷን ሰጠቻቸው።

በስመ አብ ብለው ነከሯት። ስትወጣ ቲና ናት። ወወልድ አሉ። ስትወጣ ከወገቧ በታች እንደ ሊጥ ኩፍ ብላለች። ወመንፈስ ቅዱስ ብለው ሲያነሷት ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ይህች ልጅ ውሃ ውስጥ ወፈረች እንዴ?»

ዲያቆኑ መጽሐፉን አፉ ላይ ደፋው። እኔ ተንጠራርቼ አየሁ። ጨርቄ የለም። በጨርቄ ፋንታ ያ ነገር፣ ሥዕል ያለበት፣ ጸበሉን ጠጥቶ ጠጥቶ የሚያብረቀርቅ ዳይፐር ተንጠልጥሏል።

«አያንቱ! ይኼን ለምን አላወለቅሽውም?»

«ፓንት መስሎኝ ነው! ሴት ልጅ ሰው ፊት እንዴት ራቁቷን…» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ኮሌጅ!

ቄስ ካሳሁን «ሸፍናችሁ ዳር ቁሙ፤ ሌሎቹን ላጥምቅና እመጣለሁ» አሉን። ቲናን በነጠላዋ ሸፍነን ግድግዳው ሥር ቆምን። ያኔት ልጇን ደረቷ ላይ አቅፋ ታሞቃታለች። ዲሪርሳ ስልኩን ያያል፤ ወንድ ልጅ ሲጨንቀው ስልኩን ያያል።

እኔ ግን፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። እግዜር አትክልትን በእጄ ጣላት አልኩ። ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ከታወቀ ያኔት ልጅቷን እንዴት አድርጋ ትሰጣታለች?

«ወይዘሮ አትክልት፣ ያሰርኩላት ጨርቅ የት ሄደ?»

«መንገድ ላይ ረጠበ፤ ቀሚሴ ላይ አለፈ። ቀየርኩላት።»

«እና ይኼን አድርገው ጥምቀት አስገቧት?»

«አትግለጧት ብለው የጮኹት እርስዎ አይደሉ?»

«እኔ ስለ ብርዱ ነው! አሁን ልጅቷ ከወገቧ በታች አልተጠመቀችም!»

«ምን ማለትዎ ነው? ሦስቴ ውሃ ገብታ?»

«አንዲት ጠብታ አያሳልፍም ያሉኝ ማን ናቸው?»

አትክልት ፊት ላይ ነገሩ ሲገባት አየሁ።

«እሱማ… ውሃው ሲበዛ ያሳልፋል» አለች።

«በፍጹም!»

«ያሳልፋል እኮ ነው የምልዎት! ባለፈው ያኔት ይዛት ስትመጣ አልጋዬን አላበላሸብኝም? ሶፋዬንስ? ለእርስዎ ስላልነገርኩ ነው እንጂ ያንጠባጥባል!»

«ወይዘሮ አትክልት፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይዋሹ። ግሩም ሥራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ደረቅ! ይመጠዋል፣ እዚያው ይዞት ይቀመጣል!»

«ምኑን ያዘው! ወንፊት ነው!»

«ወንፊት? የፈረንጅ ጥበብ ነው! ጠብታ አያሳልፍም!»

ኦቦ ዋቆ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ አትክልትን፣ እንደገና እኔን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

እየተከራከርኩ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ልቤን ቆነጠጠው። ያልኩት እውነት ቢሆንስ? ልጅቷ ከወገቧ በላይ ክርስቲያን፣ ከወገቧ በታች ገና ብትሆንስ? ስትታመም፣ ስትሄድ፣ ስታገባ? ክርክሩን ካሸነፍኩ የልጄ ልጅ ጥምቀት ጎዶሎ ነው። ከተሸነፍኩ ጥምቀቱ ሙሉ ነው፣ ልጅቷ ግን ቡራዩ ናት። አፌ ግን አልቆመም፤ አፌ ድሮም ከልቤ ይበረታል።

ቄስ ካሳሁን እጃቸውን እያደረቁ መጡ። ነገሩን ከሁለታችንም እኩል ሰሙ፤ እኩል ነበር የምንጮኸው። ከዚያ እጃቸውን አነሱ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ይኼ ነገር ውሃ ያሳልፋል ወይስ አያሳልፍም?»

«አያሳልፍም!» አልኩ እኔ።

«ያሳልፋል!» አለች አትክልት።

ያኔት ቀና ብላ ሁለታችንንም አየችን። የዚያን ጊዜ አየት አድርጋ የተወችን መስሎኝ ነበር።

«በሉ ፍቱት» አሉ ቄሱ። አያንቱ ፈታችው። ሁላችንም አጎነበስን። የቲና መቀመጫ ረጥቧል።

«ይኸው! ረጥባለች!» አለች አትክልት።

ኦቦ ዋቆ ጉሮሮውን ጠረገ። «አባ፣ ጸበሉ ነው ወይስ ሽንቷ?»

ቄስ ካሳሁን ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ።

«ኦቦ ዋቆ፣ እሱን ለእግዚአብሔር እንተውለት» አሉ። «ልጅቱ ተጠምቃለች። ጥምቀት አንዲት ናት፤ አትደገምም፣ በቁራጭም አትሰጥም። ከወገብ በላይ ከወገብ በታች የሚባል ነገር የለም። እናንተ ሁለት እናቶች ግን ንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ።»

እፎይ አልኩ። እውነቴን ነው፣ በዚያች ቅጽበት ክርክሩን ረሳሁት። ቅብዓ ሜሮኑን ተቀባች፣ ማተቧን አሰረች፣ ወለተ ማርያም ተባለች። ቲና የሚለውን ቢያንስ ሰማይ ቤት አያውቀውም።

ሥራው ግን አላለቀም። አትክልት ያን ያበጠ ዳይፐር በፌስታል ልትቋጥረው ስትል ቄሱ አዩዋት።

«የት ሊጥሉት ነው?»

«እ… ቆሻሻ ውስጥ።»

«የጥምቀት ውሃ ጠጥቷል እኮ! ውሻ ጎትቶት መንገድ ላይ እግር ሊረግጠው? ግቢ ውስጥ ይቀበር።»

ዲያቆኑ አካፋ ፍለጋ ሄደ። አካፋው ቶሎ አልተገኘም። አትክልት ዳይፐሩን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እያንጠባጠበባት፣ በሐር ጥለት ቀሚሷ ቆማ ጠበቀች። ተጠቅመው ይጥሉታል ነበር ያለችኝ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ሲገባ ኦቦ ዋቆ ባርኔጣውን አወለቀ። በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። «ለሟች ነው» አለኝ።

ምሳው እኛ ቤት ነበር። እንግዳው በልቶ ጠጥቶ ሲቀንስ ያኔት ልጇን ለዲሪርሳ ሰጠችውና መሀል ላይ ቆመች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነው፤ ለዚህ ነው ስንቃት የኖርኩት።

«እማማ፣ እማዬ፣ ነገ ሥራ እገባለሁ። ስለ ቲና ወስኛለሁ።»

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጠዋት ሁለታችሁም ቄስ ፊት ቆማችሁ የተናገራችሁትን ሰምቻለሁ። እማማ ዳይፐር ግሩም ነው፣ ጠብታ አያሳልፍም ብለዋል። እማዬ ደግሞ ወንፊት ነው፣ ያንጠባጥባል ብላለች። ሁለታችሁም በቤተ ክርስቲያን ግቢ አትዋሹም። ስለዚህ ቲና እማማ ጋ ከዋለች በዳይፐር ትውላለች። እማዬ ጋ ከዋለች በጨርቅ ትውላለች። ከእናንተ ቃል አልወጣሁም። ማን ይወስዳታል?»

ዲሪርሳ ስልኩን ሊያወጣ ፈለገ፤ እጁ ላይ ልጅ ነበረች።

አትክልት ናት ቀድማ የተነፈሰችው። «ጨርቅ… ማሽን አለኝ እኮ። ማሽን ውስጥ ቢገባ…»

«የሕፃን ጨርቅ ማሽን ውስጥ?» አልኳት። «በእጅ ነው፣ ወይዘሮ አትክልት። መጀመሪያ ይፋቃል፣ ይታሻል፣ ይቀቀላል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ይሰበሰባል። በቀን አንዴ እንዳይመስልዎ።»

«በእጅ?» ጥፍሮቿን አየች። ለክርስትናው ቀለም ተቀብታ ነበር። ከዚያ ልጅቷን አየች። ከዚያ እንደገና ጥፍሮቿን። አፏ «እኔ» ሊል ሲከፈት አየሁት፤ ከንፈሯ ቅርጹን ይዞ ነበር። ደነገጥኩ።

«እዚህ ትዋል!» ብዬ ጮህኩ።

«በዳይፐር?» አለች ያኔት።

«በዳይፐር።» ቃሉ ሲወጣ እንደ ዓሣ አጥንት ቧጨረኝ።

«ጨርቅ አይታሰርላትም?»

«አላልኩሽም? ምን ትደጋግሚኛለሽ፣ ሰው እየሰማ!»

ኦቦ ዋቆ «ቃል ነው» አለ፤ መሐላ አስፈጻሚ ያደረገው ያለ ይመስል።

አትክልት ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲህ ካርቶኑን እኔ እልካለሁ» አለች። ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «በርበሬው ነው» አለች። ወጡ አልጫ ነበር። «እሁድ እሁድ ቡራዩ ይዘናት እንመጣለን» አልኳት፤ ከዚህ በላይ ደግ ልሁን ብል ራሴም አላምነው።

ሰኞ ጠዋት ያኔት ልጅቷንና ቦርሳውን አስረክባኝ ሄደች። ዳይፐር ሳደርግላት የመጀመሪያዬ ነበር። ፊትና ኋላው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መነጽሬን አደረግሁ። ማጣበቂያው ቀሚሴ ላይ ተጣበቀ፣ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፣ በመጨረሻ በእግዜር ቸርነት ልጅቷ ላይም ተጣበቀ። ቲና ይህን ሁሉ ጊዜ ጣሪያውን እያየች ትስቃለች። አዝዬያት ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ኡሙልኸይር ልብስ እያሰጣች ነበር። የእኔን ገመድ አየች፤ ባዶ ነው። አጥሩ ላይ ተደግፋ ሳቋን ለቀቀችው።

«አዴ ዱርሲቱ! ያ ሁሉ ፉከራ የት ገባ? ዳይፐር አሸነፈዎት አሉ!»

«ማን ነው ያለሽ?»

«ሰፈሩ ሁሉ!»

«ልጅቷ የት ናት፣ ኡሙልኸይር?»

«ጀርባዎ ላይ።»

«ቡራዩ አይደለችም?»

«ኧረ እዚሁ ናት።»

«ታዲያ ማን ነው የተሸነፈው?» አልኳት፤ ብርድ እንዳይመታት አንቀልባውን ጠበቅ አድርጌ ይዣት ገባሁ።